ለቲማቲም የተሠራ ዜማ

ጋሽ ማሙሸት በሕይወታቸው የሠሩት ዜማ አንድ ብቻ ነው። እሱንም አገር ሁሉ ያውቀዋል። ስም የለውም። «ያ የእሁዱ ድራማ ክላሲካል» ያላችሁት ሰው ግን መጀመሪያ በአፍንጫው ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ትንሽ ከቆያችሁ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ጋሽ ማሙሸትን የሚያቃጥላቸው ይሄ ነው።

«ምኑ ነው የሚያስለቅሳቸው?» ይላሉ። «ምኑ? እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ!»

እኔ ከሳቸው ሱቅ ጎን ዚፕ እሸጣለሁ። እሳቸው ቁልፍና ክር ይሸጣሉ። መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የሚመላለሱባት፣ መኪና በጭንቅ የሚያልፍባት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ እዚያ ነን። በመሀላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ቁጣቸውን ከማንም ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ዓመታት ሰምቼዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

ተወልደው ያደጉት ተክለ ሃይማኖት ነው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ስፌት ተምረው የቀሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ ማሙሸት የተላከበት ሳይደርስ ሲኒማ ራስ በር ላይ ይገኝ ነበር አሉ። ፊልሙ ግን ያን ያህል ግድ አይሰጠውም። ጓደኞቹ ሲወጡ ማን ማንን እንደገደለ ይከራከራሉ፤ እሱ ፈረሶቹ ሲጋልቡ የነበረውን ሙዚቃ እያፏጨ ይሄዳል። የህንድ ፊልም ከሆነ ዘፈኑን ትቶ፣ ልጅቷ ደረጃ ስትወርድ ከኋላ የሚሰማውን ቫዮሊን ይይዛል። ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ጠራጊው በመጥረጊያ እስኪነካው ድረስ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ነው ሙዚቃው ያለ ወሬ የሚሰማው።

በደርግ ጊዜ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ገብተው አኮርዲዮን ተማሩ። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ አኮርዲዮኑ እሳቸው ቤት ቀረ፤ ጠያቂም አልመጣም። አባታቸው ሲደክሙ የቁልፍ ሱቁን ከፈቱ፤ እትዬ የሻሽወርቅንም አገቡ።

እትዬ የሻሽወርቅ ያኔ አትክልት ተራ ቲማቲም ያከፋፍሉ ነበር። ማለዳ የጭነት መኪኖቹ ሲገቡ ሳጥን ላይ ወጥተው ገዢ ይጠራሉ። አጠራራቸው ለብቻው ነበር ይባላል። መጀመሪያ ለስለስ አድርገው፣ ቀጥለው ከፍ አድርገው፣ ገዢው ችላ ብሎ ሊያልፍ ሲል ደግሞ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጣራሉ። ሰውየው ከተመለሰ ድምፃቸው በሳቅ እየተንከባለለ ይወርዳል። ጋሽ ማሙሸት ይሄን እየሰሙ ነው ዜማውን የሠሩት። የሴት ጥሪ አለበት፣ የጋሪ ጎማ መንቀጥቀጥ አለበት፣ መጨረሻው ሳቅ ነው። በዓል ሲሆን ግቢያቸው ውስጥ በአኮርዲዮን ይጫወቱታል፤ ጎረቤት ትከሻውን ይሰብቃል። ሌላ ዓላማ አልነበረውም።

ታዲያ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የአንድ ድራማ አዘጋጅ ለተዋንያኑ ልብስ ቁልፍ ሊገዛ መጣ። ገበያው ቀዝቅዞ ስለነበር ጋሽ ማሙሸት አኮርዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጫወቱ ነበር። ሰውየው ቁልፉን ረስቶ ቆመ።

«ይሄን የት አመጡት?»

«ሚስቴ ናት» አሉት።

ሰውየው ሳቀ። ዜማውን ለድራማው ለመነ፤ እሳቸውም በደስታ ሰጡ። ስቱዲዮ ወስዶ አስቀዳቸው። ሲኒማ ራስ ወንበር ላይ ያደጉት ሰው ሥራቸው በቴሌቪዥን ሊሰማ ነው! ዘመድ ጎረቤቱን ጠሩ፤ እሁድ ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ።

ድራማው ተጀመረ፤ ዜማው የለም። ተጋመሰ፤ የለም። ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ተራ ስትጠብቅ፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች አረፈች። ዝናብ መስኮቱን ይመታል። ያኔ አንድ የሚጎተት የዋሽንት ድምፅ ተነሳ፤ ከኋላው የሴት እንጉርጉሮ ይከተለዋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማልቀስ ጀመረ። ጋሽ ማሙሸትም ዓይናቸው ረጥቦ እንደነበር አይክዱም። የገዛ ዜማቸውን አላወቁትም። ያወቁት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው።

«ማሙሽ፣ ይሄ እኔ ነኝ እኮ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። «ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምጎተተው? ታመምኩ እንዴ?»

በማግስቱ ጋሽ ማሙሸት ሱቃቸውን ዘግተው አዘጋጁ ቢሮ ሄዱ። «ለቲማቲም የሠራሁትን አዘግይተህ፣ በዋሽንት አስነፍተህ ለሬሳ አደረግኸው!» አሉት። ሰውየው አቀፋቸው። «ጋሼ፣ አገር ነው እኮ ያለቀሰልዎት!» አላቸው። ይሄን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ይጮኻሉ። «እኔ እቆጣዋለሁ፣ እሱ ያቅፈኛል! ደግሞ ስሜን ጽፎታል! ‹ሙዚቃ፦ ማሙሸት› ብሎ በትልቁ! ባይጽፈው ምናለበት!»

ድራማው አለቀ፤ ዜማው አላለቀም። ለሙት ዓመት ቪዲዮ እሱ ሆነ። መኪና ገደል ገባ ሲባል በዜናው ሥር እሱ፤ ራዲዮ ላይ የተከዳች ሚስት ታሪክ ሲተረክ እሱ። ሰው ልቡ እንዲሰበር የፈለገ ሁሉ ያነሳዋል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አንድ ጎልማሳ እጃቸውን ጭብጥ አድርጎ ይዞ፣ «አባቴን የቀበርኩት በእርስዎ ዜማ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ምን ይባላል? «ነፍስ ይማር» ብለው ወጡ። ሱቅ ሲገቡ የቁልፍ ካርቶን በእርግጫ መቱ፤ እኔና እሳቸው ከመሬት ቁልፍ ስንለቅም ዋልን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓምና ላይ ደረስን።

ዓምና አንዲት ፒክአፕ መርካቶን ትዞር ጀመር። ጎኗ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ በትልቁ የታተመበት ሸራ ተወጥሯል። ሐምዱ ይባላል፤ ጭድ ተራ አካባቢ የጫንቃ ሸክም ይሠራ የነበረ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። ጓደኛው ሙደሲር ማይክ ይዞ ይለምናል፤ ሌሎች ሳጥን ይዘው በሱቆቹ መሀል ይገባሉ። እንዲህ ያለ መኪና ያለ ሙዚቃ አይሄድም። ሙዚቃው የቱ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ጠዋት ታልፋለች፤ ከሰዓት ትመለሳለች። ጋሽ ማሙሸት ሳጥኑ ሲመጣ ይሰጣሉ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሰጣሉ። አንድ ቀን ታዲያ ከፊት ጣቃ የሚያራግፍ አይሱዙ መንገዱን ዘጋና ፒክአፗ ልክ እኛ በር ላይ ቆመች። ዜማው አለቀና እንደገና ጀመረ። ደግሞ አለቀ፤ ደግሞ ጀመረ። በኮምፔርሳቶው በኩል ጋሽ ማሙሸት ባንኮኒውን ሲመቱ ይሰማኛል። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

«ልጄ፣ እባክህ ዝጋው!» አሉ ወደ ሙደሲር እየሄዱ።

«ጋሼ፣ ሰው ልናድን ነው እኮ!»

«አድኑ! መች አታድኑ አልኩ! ሙዚቃውን ዝጋው ነው የምልህ! የኔ ነው! ለሐዘን አይደለም የሠራሁት!»

ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እንኳ በደንብ የሰማሁት «ዝጋው! ዝጋው!» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ኋላ ከራሳቸው ነው የሰማሁት። የቆመው ሕዝብማ ሌላ ምን ይስማ። አንዲት ሴት፣ «እርስዎ አንጀት የለዎትም? ልጅ አልወለዱም?» ብላ ጮኸችባቸው። አንዱ ደረታቸውን ገፋ አደረጋቸው፤ ገብቼ ጎትቼ አወጣኋቸው። ሌላው ስልኩን ወድሮ ይቀርፃል።

ማታውን ቲክቶክ ላይ ወጣ። «በሽተኛን ያባረረው ጨካኝ ነጋዴ» ይላል። የጋሽ ማሙሸት አፍ ተከፍቶ፣ እጃቸው ወደ ላይ ተነስቶ፣ ምስሉ ቀስ እያለ ይሄዳል። ከሥሩ ምን ሙዚቃ ያስገቡበት ይመስላችኋል? ያንኑ! የሳቸውን!

ጠዋት ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ይሻላል ብዬ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ዋሽንቱ ሲገባ ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት።

«በኔው?» አሉ። «እኔን ለመስደብ በኔው?»

ከሥር የተጻፈውን ማንበብ ጀመሩ። «ከይሲ» ይላል፤ «ሱቁን ንገሩን» ይላል። አንዱ ደግሞ፣ «ይህን ሙዚቃ ሰምቶ የማያለቅስ ሰው አይባልም» ብሎ ጽፏል። ይችን ጮክ ብለው አነበቧት፤ መልሰው አነበቧት። ከዚያ ስልኬን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው የቁልፍ ካርቶኖቹን ከመደርደሪያ እያወረዱ መልሰው መደርደር ያዙ፤ የተደረደረውን።

እኔም ደሜ ፈላ። «ዜማውን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ሰውየውን አታውቋቸውም» ብዬ ከሥር ጻፍኩ። «ስንት ተከፈለህ» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሊያያቸው ብቻ እየመጣ በር ላይ ይቆም ነበር። ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ ደንበኛ የነበረ ልብስ ሰፊ አንገቱን ደፍቶ ወዲያ ማዶ ሲገዛ አየሁት። ቪዲዮውን የቀረፀው ልጅ ግን ስማቸውን እንኳ አልጠየቀም።

ነገሩን የቆረጡት እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። ሱቁ ድረስ መጥተው፣ «ተነስ» አሏቸው። «የታመመውን ልጅ እንጠይቀዋለን። በድለኸው ከሆነ እሱ ራሱ ይስደብህ። ይሄ ሁሉ መንገደኛ ምን አገባው?»

ቤቱን ከተሸካሚ ጓደኞቹ ጠይቄ አወቅሁና አብሬ ሄድኩ። ከጭድ ተራ ጀርባ፣ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሩን የከፈተችው እህቱ ጀሚላ ነች። ጋሽ ማሙሸትን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ፤ በሩን በሰውነቷ ዘጋችው።

«ማነው?» አለ ከውስጥ አንድ ደከም ያለ ድምፅ።

«ያ ሰውዬ ነው» አለች ሳትዞር።

«የቱ?»

«ዝጋው ያለው!»

«አስገቢያቸው» አለ። «አስገቢያቸው ጀሚላ! ላመሰግናቸው ነው!»

እኛም፣ ጀሚላም ደንግጠን ቆምን።

ሐምዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፊቱና እግሩ አባብጧል፤ ትከሻው ግን የተሸካሚ ትከሻ ነው አሁንም። ዓይኖቹ የተቆጣ ሰው ዓይኖች ናቸው። ጋሽ ማሙሸት ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደማቸው።

«ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎት። እኔ ራሴ ስንቴ ዝጉት ብያለሁ፣ ማን ይሰማኛል! መኪናዋ ሰፈር ስትገባ የግቢው ልጆች ‹ሐምዱ ሞተ እንዴ?› እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። ከዳያሊሲስ ስወጣ ጎዳናው ላይ እሱን ነው የምሰማው። የሙት ሙዚቃ ነው እኮ! እኔ አልሞትኩማ! በቁሜ ያለቅሱብኛል!»

ጋሽ ማሙሸት ከአጠገቡ ተቀመጡ። «የሙት አይደለም» አሉት። «የቲማቲም ነው።»

«የምን?»

ያኔ ነው እትዬ የሻሽወርቅ የያዙትን ብርቱካን ጀሚላ እጅ ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ በዚያች ጠባብ ክፍል መሀል ቆመው እንደ ጥንቱ ገዢ የጠሩት። ለስለስ አድርገው፤ ከፍ አድርገው፤ ከዚያ ጣሪያው ቆርቆሮ እስኪያስተጋባ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ወጣ። ሐምዱ ዜማውን በጥሪው ውስጥ ሲለየው አየሁት፤ አፉን ያዘ። ከዚያ ሳቅ ጀመረ፤ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ጀሚላ «ቀስ በል! ቀስ በል!» እያለች እሷም ትስቃለች።

ሙደሲር በዚህ መሀል ገባ። ጋሽ ማሙሸትን ሲያይ ሊቆጣ ፈለገ፤ የሚስቀውን ጓደኛውን ሲያይ ግራ ገባው። ሐምዱ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያ ዋሽንት አይከፈትም። ጋሼ በአኮርዲዮን በትክክለኛው አካሄድ ይጫወቱታል፤ እኔም መኪናው ውስጥ እቀመጣለሁ» አለው።

«አብደሃል?» አለው ሙደሲር። «ሰው ካላለቀሰ እጁ ኪሱ አይገባም! እኔ ነኝ ማይኩን የያዝኩት፤ አይቼዋለሁ! ባዶ ሳጥን ይዤ ብመለስስ? ያኔ ማንን ልከስ ነው?»

ልጁ ክፉ አልነበረም። ለጓደኛው ብሎ ሥራውን ትቷል፤ ድምፁ ተዘግቷል። የተናገረውም እውነት ነው፤ እኔን ያናደደኝም እውነትነቱ ነው። ምን ዓይነት ሰዎች ብንሆን ነው፣ ሰው እንዲኖር ለመርዳት መጀመሪያ የሞተ አድርገን ካላየነው የማይሆንልን?

«ስሞት ታለቅሳላችሁ፤ አልከለክልም» አለው ሐምዱ። «አሁን ግን ሰላም የሚለኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

ሰኞ ዕለት ጋሽ ማሙሸት ፒክአፗ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ወጡ። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ተቀዶ ስለነበር በኮት ገበር ለጥፈውታል። ሐምዱ ጋቢና ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ዜማው በራሱ እግር ሄደ፤ እየተጣራ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እየሳቀ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ የመጀመሪያው ቀን አስከፊ ነበር። ግማሹ ሰው ቅናሽ አለ የሚል የሱቅ ማስታወቂያ መሰለው። ሙደሲር የለመደው ልመና ከዜማው ጋር አልሄድ ብሎት ይንተባተባል። አንዱ፣ «በበሽተኛ ትቀልዳላችሁ?» ብሎ ተሳደበ። አንዲት ወርቅ ያንዠረገገች ባለሱቅ ወደ ጋቢናው ጎንበስ ብላ አይታ፣ «እንዴ! በሽተኛው ይስቃል እንዴ?» አለች፤ እንደተታለለ ሰው።

ጋሽ ማሙሸት አኮርዲዮኑን አቁመው ከላይ ሆነው ጮኹ። «ታዲያ ምን ሆኖ ይምጣልሽ? ተሸፍኖ? ተገንዞ? እንደዚያ ሲሆን ነው የምትሰጪው?»

ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። ይሰድቧቸዋል ብዬ ዝግጁ ነበርኩ፤ ሰው ግን ወደየሥራው ተበተነ። ማታ ሳጥኑ ከወትሮው ቀልሎ ገባ፤ ሙደሲር ሐምዱ ፊት አስቀምጦት ወጣ።

ነገሩ የተለወጠው በዜማው ብቻ ነው አልልም። በማግስቱ አንድ ጅምላ ነጋዴ ወደ ጋቢናው ቀርቦ ሐምዱን ጨበጠው። «አለህ እንዴ? እኔ ፎቶ ብቻ ሲዞር ማጭበርበሪያ መስሎኝ ነበር» አለው። እንደሱ ያሰበ ስንት ሰው እንደነበር ያኔ ገባን። የሐምዱ የሥራ ጓደኞች ሸክማቸውን እንደተሸከሙ ከመኪናዋ ጎን በዜማው እየተራመዱ ይሸኙታል፤ እሱም በመስኮት በስማቸው እየጠራ ይሳደባቸዋል። ሰው ይሄን ለማየት ይወጣል፤ ልጁን ያወራዋል፤ ከዚያ ይሰጣል። ሙደሲርም ልመናውን ትቶ እንደ ታክሲ ረዳት መጣራት ለመደ። «ሐምዱ! ሐምዱ! ያልጨበጠ ይጨብጥ!»

ለሕክምናው የሚበቃው ተገኘ። ኩላሊቱን የሰጠችው ጀሚላ ናት። ሁለቱም ዛሬ ደህና ናቸው፤ ሐምዱ ከባድ ማንሳት ስለተከለከለ ካልሲ ይሸጣል። እኛ መተላለፊያ ሲያልፍ ጋሽ ማሙሸትን ሳይጨብጥ አይሄድም።

አሁን ደግሞ፣ ዜማው ዳነ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የት ይድናል! አንዱ ልጅ ጋሽ ማሙሸት ፒክአፗ ላይ ሲጫወቱ ቀርፆ ለቆት ነበር። ጥቂት ሰው አየው። ከሥሩ ምን ተብሎ ተጻፈ? «ዋናውን ክላሲካል አበላሹት።» «ኦሪጅናሉ ይሻላል።» ኦሪጅናሉ! ይሄን ሳነብላቸው የሚሰነዝሩትን ፈርቼ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ነበር። ያ የስድብ ቪዲዮም እስካሁን አልጠፋም። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ያ ልብስ ሰፊ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሶ ክር መግዛት ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጎርፍ የወሰደውን ቤት ሲያሳይ ያንኑ ዋሽንት ለቀቀ። ጋሽ ማሙሸት ስልክ ቁጥሩን ፈልገው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«ውይ፣ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች አንዲት ልጅ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ነው የሚያስለቅሰኝ! ስሰማው እናቴ ትዝ ትለኛለች!»

ጋሽ ማሙሸት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እናትሽ አርፋለች?»

«ኧረ አለች! ደህና ናት!»

«ታዲያ በሕይወት ላለች እናትሽ ምን ያስለቅስሻል?»

«እንጃ… ሙዚቃው ነዋ። ምን እናድርግልዎት ጋሼ? እናንሳው?»

«አታንሱት! አፍጥኑት!» ብለው ባንኮኒውን መቱት። «ምንም አላልኩም፣ ዝም ብላችሁ አፍጥኑት! እናትሽ ስትጠራሽ እንዲህ እየተጎተተች ነው የምትጠራሽ?»

መስመሩ ተቋረጠ። ቁልፍ የጎደለው ኮት የያዘ ደንበኛ ፊታቸው ቆሟል። እንዲቆይ በእጃቸው ምልክት ሰጡትና መልሰው ደወሉ።